ቆመው የሚያድሩት አባት

እንክብሉን ምላሳቸው ላይ እንዳኖሩት በሩ ተንኳኳ።

ቄስ እንድሪያስ የውኃውን ጣሳ ለማንሳት ጊዜ አላገኙም። እንክብሉን በደረቁ ዋጡት። ጉሮሯቸውን እየቧጠጠ ሲወርድ የመድኃኒቱን ካርቶን ትራሳቸው ሥር ወሸቁና የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ አባ፣ ወለተ ሐና። እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ።"

እማሆይ ወለተ ሐና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ጎጆ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ከኋላቸው ላስቲክ የተከናነበ ወጣት ገበሬ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ቆሟል። ከእሱ ኋላ ደግሞ ሆዷ የገፋ ሴት ነበረች። ነሐሴ ነውና ከቀትር ጀምሮ የያዘው ዝናብ ገና አላባራም፤ የፍልሰታ ሱባኤ ለመግባት ከየአገሩ የመጣው ሰው በየጎጆው ተሰብስቦ የጸሎቱ ድምፅ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ይሰማል።

"እኚህ ናቸው" አሉ እማሆይ ወደ ወጣቱ ዞር ብለው፣ አንድ ውድ ነገር እንደሚያሳይ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ ያልኩህ አባት።"

ወጣቱ እንደ ሰማ ጭቃው ላይ ሊንበረከክ ቃጣ። ቄስ እንድሪያስ ክንዱን ያዙት።

"ኧረ ተው ልጄ። ግቡ፣ ዝናብ አይምታችሁ።"

ቤቲቱ አንድ ክፍል ናት። በአንደኛው ወገን አልጋ፣ በሌላው መደብ፣ ከመሐል ምሰሶ። እማሆይና ወጣቱ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሴትዮዋ ግን ምሰሶውን ተደግፋ ቀረች።

"ተቀመጪ እንጂ ሰብለ" አላት ባሏ።

ተቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ ተነሣች። አንዱን እግሯን በሌላው ጀርባ ላይ አሸት አሸት አደረገች፣ ክብደቷን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች፤ ከዚያም ሰው ያየባት መሰላትና አቀረቀረች። ቄስ እንድሪያስ የእግር ጣቶቿን እንቅስቃሴ ተመለከቱ። ማንም ምንም ሳይነግራቸው ምን እንደ ሆነ አወቁ።

"ንብረት እባላለሁ አባ" አለ ወጣቱ። "ከፈጣም ወንዝ ማዶ ነው የመጣን። ይቺ ሚስቴ ናት። ሰባት ወሯ ነው። ከጸነሰች ወዲህ ሌሊት ሌሊት የሆነ ነገር ያስነሣታል። አይኗ ፈጦ ትነሣለች፣ ቤቱን ትዞራለች፣ በሩን ከፍታ ትወጣለች። ባለፈው ሰሞን ወንዙ አፋፍ ላይ አንሸራትቷት ወድቃ አገኘኋት። እናቴ ዛር ነው ትላለች። እኔ እንጃ። አንዳንዱ ደግሞ ልጁ ላይ ያደረ ነገር ነው ይላል።"

"ቀን ቀንስ?"

"ቀን ደህና ናት። ሥራዋን ትሠራለች። ፊቷ ግን እንደሚያዩት ነው።"

ፊቷ አመድ የነፋበት ይመስላል። ከንፈሯም እንደዚያው። ቀሚሷ ረጥቦ ስለ ከበዳት ጠርዙን ከፍ ስታደርግ፣ ቄስ እንድሪያስ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ዙሪያውን የተላጠ ቁስል አዩ።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

ሰብለ ቀሚሷን መልሳ ለቀቀችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

"መጫኛ ነው" አለ ንብረት በመጨረሻ። "እናቴ ናት... እኔም ነኝ አባ። ሁለታችንም ነን። እንዳትወጣብን ብለን ማታ ማታ እናስራታለን። ወንዝ ከሚወስድብኝ ብዬ ነው።"

ሰብለ ወደ ምሰሶው ተጠጋች። ቄስ እንድሪያስ የራሳቸው ባት ውስጥ አንድ ነገር ሲላወስ ተሰማቸው። እንደዚያ በመጫኛ ታስሮ ማደር ምን እንደሚሆን ከእሷ በቀር በዚያ ቤት የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ይህን ሕመም ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ስም ግን አልነበረውም። ገና ጋደም ሲሉ ከባታቸው ውስጥ፣ ከሥጋውና ከአጥንቱ መካከል፣ የሚርመሰመስ ነገር ይነሣል። ሕመም እንዳይሉት አያምም፤ ማሳከክ እንዳይሉት በማከክ አይደረስበትም። ተነሥተው ሲሄዱ ይተዋቸዋል፤ ተመልሰው ሲተኙ ተመልሶ ይመጣል። ባለቤታቸው ሀብትነሽ በሕይወት ሳለች ጨርቅ በሙቅ ውኃ እየነከረች ባታቸውን ታሽላቸው ነበር። "ይሄ የአንቱ እግር አገር መሄድ አምሮታል፤ ሌላው አካልዎ ግን እሺ አላለም" እያለች ትስቃለች። እያሸች ስለ ጎረቤት ላምና ስለ በርበሬው ዋጋ ስታወራ፣ ወሬዋ መሐል እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ስለ እግራቸው ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያኔ ሌላ ሰውም አላስፈለጋቸውም።

እሷ በአጭር ሕመም ሞተች። ካህን ናቸውና ሌላ ሴት አያገቡም። አንድ ልጃቸው መልካሙ ባሕር ዳር ነው። ቤቷ በሌሊት ጠበበቻቸው። ከመደቡ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መደቡ ሲመላለሱ ጎረቤት እንዳይሰማቸው እየሰጉ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መውጣት ጀመሩ። በጨለማ ቤተ መቅደሱን ይዞራሉ፤ ሲደክማቸው ከደጁ ቆመው ዳዊት ይደግማሉ። እውነት ነው፣ ይደግሙ ነበር። ነገር ግን ዳዊቱ እግራቸውን ተከተለ እንጂ እግራቸው ዳዊቱን አልተከተለም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ እማሆይ ወለተ ሐና አገኟቸው።

"አባ፣ ሌሊቱን ሁሉ እዚሁ ነበሩ?"

"ነበርኩ እማሆይ" አሉ። ቃሉ እውነት ነው። የቀረውን አልጨመሩበትም።

ወሬው ከሰንበቴ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቡሬ ከተማ ሄደ። ሰው የታመመ ልጁን ይዞ መጣ። የተጣላ ለእርቅ፣ የመከነ ለስለት መጣ። እጃቸውን ሲስሟቸው ቄስ እንድሪያስ መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ ለመናገር ቀን ጠበቁ፣ በመጨረሻ ቀኑ አለፈ። ሰው ሁሉ እየከበባቸው ከማንም ጋር ተቀምጠው የማያወሩ ሰው ሆኑ። ሠርግ ቤት አይቆዩም፣ ለቅሶ ቤት አይቆዩም፤ መቀመጥ ስለማይችሉ ነው። ሰውም "ዓለሙን ንቀውት ነው" አለ።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄደው እንቅልፍ እንቢ አለኝ ብለው ነበር። የተሰጣቸው የእንቅልፍ መድኃኒት እንቅልፉን አምጥቶ እግሩን አባሰው፤ ከዚያ የከፋ ሌሊት አያስታውሱም፤ ዓይናቸው እየተከደነ እግራቸው ያስነሣቸዋል። በኋላ አንድ ሌላ ሐኪም እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የሚታዘዝ መድኃኒት ጻፈላቸው። እሱ ግን ተአምር ሠራ። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ እንደ ሕፃን ተኙ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ሌሊቱን ሳይጠብቅ በቀትር መምጣት ጀመረ፤ ከእግር አልፎ ክንዳቸው ላይ ወጣ። እሳቸውም የመድኃኒቱ መጠን ያነሰ መስሏቸው ጨመሩበት። በጨመሩ ቁጥር ባሰ። መልካሙ ከባሕር ዳር ማግኒዚየም የሚባል መድኃኒት በብልቃጥ ላከላቸው፤ እሱም ዋጋውን ያህል አልረዳቸውም።

በግንቦት ፍኖተ ሰላም ሄደው ነው ዶክተር ህይወትን ያገኙት። ወጣት ሐኪም ናት። ሳትቸኩል ሰማቻቸውና "ይሄ ስም ያለው በሽታ ነው አባ" አለቻቸው። "እረፍት የለሽ እግር ይባላል። ብዙ ሰው ላይ አለ።"

"ብዙ ሰው?" አሉ። ከተናገረችው ሁሉ እዚያ ቃል ላይ ቀሩ።

የተአምሩ መድኃኒት ራሱ ሕመሙን እንደሚያቀጣጥል፣ ይህም በብዙዎች ላይ እንደሚደርስ ነገረቻቸው። ባንድ ጊዜ እንዳይተዉት፣ ቀስ በቀስ እንዲቀንሱት፣ በምትኩ ማታ ማታ ጋባፔንቲን የሚባል እንክብል እንዲወስዱ አዘዘች። ደማቸው ባሕር ዳር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ "የብረት ጎተራዎ ባዶ ነው" አለቻቸው። "ገበያ የሚወጣ እህል አለ፣ ጎተራው ውስጥ ግን የለም።" የብረት ኪኒን ሰጠቻቸው፤ በሎሚ ውኃ እንጂ በሻይና በቡና እንዳይሆን፣ ከጾም ውጭ ባለው ጊዜ ሥጋና ጉበት እንዲበሉ። ስለ ማግኒዚየሙ ሲጠይቋት "አይጎዳዎትም፤ ተስፋዎን ግን አይጣሉበት። ከእንክብሉም ጋር አንድ ላይ አይውሰዱት" አለች። የቅዳሴ ተረኛ በሚሆኑበት ዋዜማ ከምሽት ጀምሮ እህል ውኃ እንደማይቀምሱ ሲነግሯት ደግሞ ራሷን ነቀነቀችና የመውሰጃ ሰዓቱን አብራቸው አሰበች።

ልትሸኛቸው ስትነሣ እንዲህም ብላ ነበር፤ "እርጉዝ ሴቶች ላይ ይበዛል። ደማቸው ሲያንስ። በወሊድ ጊዜ ደም ያነሳት ሴት ብትደማ ማትረፍ ይከብደናል።"

መድኃኒቱን ሲቀይሩ ያሳለፉት ሳምንት የሲኦል ሳምንት ነበር። ካለፈ በኋላ ግን፣ ወደ ሰኔ ማለቂያ፣ መተኛት ጀመሩ። ቅጥሩ በሌሊት እንደገና ባዶ ሆነ። እማሆይ ወለተ ሐና ይህንንም አስተዋሉ፤ ለሰውም "አሁንስ ተሰውረው ነው የሚጸልዩ፤ ለዓይንም አይታዩ" ብለው ነገሩ። ቄስ እንድሪያስ ይህን የሰሙ ቀን ምግብ አልበላ አላቸው። ተኝተውም ክብራቸው ጨመረ።

አሁን ሰብለ ምሰሶውን ይዛ ቆማለች።

"ልጄ" አሏት፣ "እግርሽ ውስጥ ምን ይሰማሻል?"

ባሏን አየች። "ንገሪያቸው" አላት።

"አጥንቴ ውስጥ ውኃ የሚፈላ ይመስለኛል አባ። አንዳንዴ ጉንዳን ነው። ምን እንደምል አላውቅም።"

"ስትነሺስ ይተውሻል?"

"በሄድኩ ጊዜ ይተወኛል። ልክ ስተኛ ይመጣል።"

"ሲመሽ ነው የሚብሰው? ቁጭ ስትዪም?"

ሰብለ ቀና አለች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። "አዎ አባ። ሲመሽ ነው። ቁጭ ስልም።"

"ትጾሚያለሽ?"

"እጾማለሁ።"

"ነፍሰ ጡር ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ አትጾሚም፤ ይህን በክህነቴ ነው የማዝዝሽ።" ወደ ንብረት ዞሩ። "ነገ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውሰዳት። ደሟ ይታይ። ይሄ ዛር አይደለም፣ ሕመም ነው።"

ንብረት እማሆይን ተመለከተ። እማሆይ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ሕመም እንዴት ቀኑን ትቶ ሌሊት እየመረጠ ይመጣል አባ?" አሉ። "እኔ ያመጣኋቸው ሌላ ነገር ለምኜ አይደለም። አንዲት ሌሊት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ቢማልዱላት ብዬ ነው። ለስንቱ ቆመዋል።"

"ጸሎቱም ይደረጋል፣ ሐኪም ቤቱም ይኬዳል።"

"ጸሎቱ ከተደረገማ ሐኪሙ ምን ይሠራል?" አለ ንብረት። ድፍረት እንዳይሆንበት ጎንበስ አለ። "ይቅር ይበሉኝ አባ። በቆሎው አረም ላይ ነው፣ እናቴም ሐኪም ቤት አትወድ። የእርስዎ ጸሎት ይበቃታል ብዬ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ በእግሯ ያመጣኋት። ይሄ ደግሞ ሕመም መሆኑን በምን አወቁት?"

ጥያቄው የሚያልፉበት በር ነበረው። "አንዲት ሐኪም ነግራኛለች" ቢሉ እውነት ነው። "በእግዚአብሔር ፈቃድ ታወቀኝ" ቢሉ ደግሞ ሁለቱም ተንበርክከው ይቀበሉ ነበር፤ ምናልባትም ንብረት ነገ ሆስፒታል ይወስዳት ነበር። ይህን አሰቡት። ካሰቡት በኋላ ግን የንብረትን እናት አሰቡ። ሰብለ ከሆስፒታል ስትመለስ፣ መድኃኒቱ እስኪይዛት ድረስ ባሉት ሌሊቶች፣ መጫኛውን ይዘው የሚጠብቋትን። ራእይ የታየለት ሕመም ለእኚያ እናት ዛር ከመሆን አይድንም።

ትራሱን ገለጥ አድርገው ካርቶኑን አወጡና መደቡ ላይ አኖሩት።

"ይሄ የእኔ መድኃኒት ነው" አሉ። "እሷ ያለባት እኔም ላይ አለ። ከወጣትነቴ ጀምሮ።"

ንብረት ከካርቶኑ ወደ እግራቸው አየ።

"ሌሊቱን የምቆመው መተኛት አቅቶኝ ነው። እግሬ አላስተኛ ብሎኝ ነው። ቆሜ ዳዊት ደግሜያለሁ፣ አልዋሽም፤ ለጸሎት ብዬ ግን አልተነሣሁም። ከሰኔ ወዲህ መድኃኒቱ ተስማምቶኛል። አልተሰወርኩም እማሆይ። እዚች አልጋ ላይ ተኝቼ ነው የማድረው።"

እማሆይ ወለተ ሐና ካርቶኑን አዩት። ሊነኩት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ለቄስ እንድሪያስ ይቀል ነበር።

"'አባ እንድሪያስ ቆመዋል' ብዬ" አሉ፣ "ስንት ሌሊት ተኝቻለሁ። ብቻዬን ነኝ እኮ አባ። ጅቡ ሲጮህ፣ አገሩ ሲታመስ፣ 'ግድ የለም፣ አንድ ሰው ቆሟል' እል ነበር።"

"ይፍቱኝ እማሆይ።"

"እኔ ልፍታዎ?" አሉ። በዝግታ ተነሡ፣ መስቀል ሳይሳለሙ በሩን ከፍተው ወጡ። ባዶ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ተሰማ።

ንብረት ካርቶኑን አንስቶ አገላበጠው። ማንበብ ይችላል፣ ፊደሉ ግን የፈረንጅ ነው። "እንግዲያውስ ከዚሁ ይስጧት" አለ። "ለአንቱ ከሠራ ለእሷም ይሠራል።"

"አይሆንም። ይሄ ለእኔ የታዘዘ ነው። ለሆዷ ልጅ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እኔ የቀድሞውን መድኃኒት በራሴ እየጨመርኩ ሕመሙን እስከ ክንዴ አድርሼዋለሁ። ደሟን ያየ ሰው ያዝዝላት።"

ንብረት ካርቶኑን መልሶ አኖረ። የተናደደ ይመስላል፤ ያዘነም ይመስላል። ወደ ዝናቡ ወጣና በታዛው ሥር ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

ያን ጊዜ ሰብለ ቀስ ብላ ጠየቀች፤ "እርስዎንም ሲመሽ ነው አባ?"

"ሲመሽ ነው ልጄ።"

"ሰው ሲያወራዎት ትቶዎት፣ ዝም ሲሉ ይመጣል?"

"ልክ ነሽ። ዝም ስል ይመጣል።"

"እኔ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ይረሳዋል።"

"ባለቤቴ በሙቅ ውኃ ነበር የምታሸኝ። በእንጨት ቢደበድቡትም ደስ ይለዋል አይደል?"

ሰብለ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። "እብድ የሆንኩ መስሎኝ ነበር" አለች።

"እኔም።"

ሀብትነሽ ከሞተች ወዲህ ስለ እግራቸው ከሰው ጋር ሲያወሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሐኪሟም ብትሆን ጠየቀቻቸው እንጂ አላወራቻቸውም። ትንሽ ቢቆዩ ወደዱ፤ ግን ንብረት ከውጭ "እንሂድ፣ ከጨለመ ጎጆ አናገኝም" አለ።

ቄስ እንድሪያስ ታዛው ድረስ ሸኟቸው። "ንብረት" አሉት፣ "ዛሬ እንዳታስራት። ስትነሣ አብረሃት ተነሣና አብረሃት ዙር። ሌላ ምንም አልልህም። ነገ ጠዋት ከኪዳን በኋላ አስፋልቱ ዳር እጠብቃችኋለሁ። አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

ንብረት "እስኪ ይንጋ" ብቻ አለ።

በማግስቱ በኪዳን ጸሎት ላይ ወሬው ቀድሟቸው እንደ ደረሰ ወዲያው አወቁ። ሌላ ቀን ከጸሎት ሲወጡ ሴቶቹ መስቀል ለመሳለም ይጋፉ ነበር። ዛሬ መንገድ ለቀቁላቸው። ሁለት አሮጊቶች መጥተው ተሳለሙ፤ የቀሩት ከንፈራቸውን እየመጠጡ አቀረቀሩ። አንድ ዲያቆን "እንደምን አደሩ አባ" አለ መሬት መሬት እያየ። እማሆይ ወለተ ሐና በሴቶች በር በኩል ፊታቸውን በነጠላ ጋርደው ግንቡን ተደግፈዋል። ቄስ እንድሪያስ ሊጠጓቸው አንድ እርምጃ ተራመዱ። እማሆይ ወደ ግንቡ ዞሩ።

ሸክሙ ሲወርድ ቀለል ይለኛል ብለው ነበር። ቀለል አላላቸውም። ሀብትነሽን ቀብረው፣ ለቀስተኛው ሁሉ ተበትኖ፣ ድንኳኑ ሲነቀል ቆመው ያዩበትን ጠዋት መሰላቸው።

ለቅዳሴው ተረኛ አልነበሩምና ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ወረዱ። በግራና በቀኝ በቆሎው ከሰው ቁመት በልጧል፤ ቅጠሉ የሌሊቱን ዝናብ ያንጠባጥባል። አስፋልቱ ዳር ደርሰው ቆሙ። ከቡሬ የመጣ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀነሰ።

"ፍኖተ ሰላም! አባ ይግቡ፣ ቦታ አለ!" አለ ረዳቱ።

"ሰው እየጠበቅኩ ነው ልጄ። ሂዱ።"

ሄደ። ሌላም መጣና አለፈ። ቄስ እንድሪያስ በበቆሎው መሐል ወዳለው የእግር መንገድ ደጋግመው ተመለከቱ። የሚጠብቁት ሰው ላይመጣ ይችላል። ንብረት ሌሊቱን ወደ እናቱ ተመልሶ ይሆናል። እሳቸውም ወደ ደብሩ ተመልሰው ከቅዳሴው መቆም ይችላሉ፤ ግን ከማን አጠገብ እንደሚቆሙ ሲያስቡ እግራቸው አልነሣ አላቸው። በመጨረሻ ጀርባቸውን ለአስፋልቱ ሰጥተው ሊመለሱ ሲሉ ነው ድምፅ የሰሙት።

"አባ!"

ንብረት ነው። ሰብለን በብብቷ ደግፎ ከጭቃው ቁልቁለት ያወርዳታል። ሲቀርብ ዓይኑ ደም መስሏል።

"ሌሊቱን ስንዞር አደርን" አለ። "እንዳሉኝ አብሬያት ዞርኩ። ስንት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን እንደ ዞርን እንጃ። አባ፣ ይሄን ሁሉ ሌሊት እንዲህ ነበረች? እኔ እኮ ተኝቼ ነበር።"

"እናትህስ?"

"እናቴማ ስትሰማ ትጮኻለች። ስመለስ እሰማታለሁ።"

ቄስ እንድሪያስ ልማድ ሆኖባቸው መስቀሉን ከፍ አደረጉ። ንብረት አየው፣ ጥቂት አመነታ፣ ግን አልተሳለመም። ሰብለ ጎንበስ ብላ ሳመችው። እሳቸውም መስቀሉን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ አልተቀየሙትም።

የሚቀጥለው ሚኒባስ ሞልቶ ነበር። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ዘለለና ካህን ሲያይ ሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው አስነሣ።

"አባ ከፊት ይግቡ! እናንተ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ተጠጉ!"

ከውስጥ አንዲት የቡሬ ነጋዴ አንገቷን አስግጋ አየቻቸው። ባለፈው ዓመት ልጇን ይዛላቸው የመጣች ሴት ናት። "ውይ፣ አባ እንድሪያስ! እባክሽ ተጠጊላቸው፣ እኚህ አባት እኮ..." እያለች አጠገቧ ላለችው ማውራት ጀመረች። ቄስ እንድሪያስ የምትለውን ሁሉ ያውቁታል።

የፊቱ ወንበር ጠባብ ነው፤ እግር አያዘረጋም። የኋላው መደዳ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር፣ ሰብለም ወደዚያ ልትገባ ጎንበስ ብላለች። ንብረት ከእሷ ወደ እሳቸው አየ።

"ቆይ ልጄ" አሉ ቄስ እንድሪያስ ረዳቱን፣ ነጋዴዋ ወሬዋን እስክታቆም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ይቺ ልጅና እኔ እግራችንን ያመናል። ተቀምጠን መቆየት አንችልም። በሩ አጠገብ፣ እግር የሚዘረጋበት ቦታ ላይ፣ ለሁለታችን ስፍራ ስጠን።"